ታርቡሹን ከመድረክ አታውርዱት

በየዓመቱ ሚያዝያ ሲቃረብ ስልኬ ዕረፍት የለውም። የሚደውሉት ባብዛኛው ወጣት መምህራንና የኪነት ቡድን ልጆች ናቸው። "ጋሼ፣ ለአርበኞች ቀን የጣሊያንን ጦርነት በትርኢት ልናሳይ ነው። ልብሱን እንዴት እናድርገው? የጣሊያኑን ልብስ ማልበስስ ነውር አይሆንም ወይ?" ይሉኛል። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ዘንድሮ ግን ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። የማውቀውን ያወቅኩት ተሳስቼ ነው። አንዲት እናት አስደንግጬ ነው። ሌላ ሰው እንደኔ እንዳይሳሳት ብዬ ነው የምጽፈው።

የታሪክ መምህር ነኝ። የማስተምረው ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ ነው። የበላይ ዘለቀ አገር። እዚህ አርበኛ ማለት መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለ ፎቶ አይደለም። የአንዱ ተማሪ ቅድመ አያት ነው። ባንዳ የነበረውም እንደዚያው የአንዱ ቅድመ አያት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ነገሩ የሆነው በ2006 ዓ.ም. ነው። የድራማ ክበቡን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሚያዝያ 27ን በአደባባይ በትርኢት እናክብር ተባለ። ቀኑ የሚታወቅ ነው። ጣሊያን በ1928 አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው፤ ልክ በአምስት ዓመቱ በ1933 ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡትም ሚያዝያ 27 ነው። ልጆቹ በደስታ ዘለሉ። እኔም ከእነሱ ባልተናነሰ።

ገንዘብ አልነበረንም። ከሰልባጅ ተራ ካኪ መሳይ ኮቶች ለቀምን። ነጭ አቡጀዲ ገዝተን በሻይ ቅጠል ቀቀልነው። የጣሊያኑን የፀሐይ ቆብ የሠራነው በጋዜጣ ነው። ጋዜጣውን በዱቄት ሙጫ እየነከርን የፕላስቲክ ሳህን ጀርባ ላይ ደራርበን ለጠፍነው። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ። ሲደርቅ ከሳህኑ አላቅቀን ዙሪያውን ክፈፍ ሰጠነው፣ ቀለም ቀባነው፣ ግንባሩ ላይ አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ክብ ምልክት አደረግንበት። ለአስካሪዎቹ ታርቡሽ የሚባለውን ቀይ ቆብ ሰፋን። ጣሊያን ከቅኝ ግዛቶቹ የመለመላቸው እነዚህ ወታደሮች ሻለቃቸው የሚለየው በወገባቸው መቀነትና በታርቡሻቸው ዘርፍ ቀለም እንደነበር አንብቤያለሁ። ስለዚህ መቀነቱንም ዘርፉንም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ለማድረግ ሁለት ቀን ገበያ ዞርኩ።

ለአርበኞቹ ግን አልተጨነቅኩም። ከባህል ልብስ አከራይ ጎፈርና ለምድ በጆንያ አስመጣሁ። አሥራ አራቱንም ልጆች አለበስኳቸው። ለጠላት ልብስ ሁለት ቀን ለፍቼ ለራሴ ሰው ልብስ ግማሽ ሰዓት አልፈጀሁም። ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

በዕለቱ ልጆቹ ትምህርት ቤት ለበሱና በእግራቸው ወደ አደባባዩ ወረዱ። ጣሊያኑ ከፊት፣ አራቱ አስካሪዎች ከኋላው በሰልፍ። የእንጨት ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገዋል። መንገደኛው ይስቃል፣ ሕፃናት ይከተላሉ። ያን ቀን 27 ስለሆነ የመድኃኔ ዓለም ዕለት ነው። ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነበር።

አንዲት እማሆይ በትራቸውን ተደግፈው ከቅያሱ ብቅ አሉ። ከልጆቹ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እኔ ከአሥር እርምጃ በኋላ ነበርኩ። አልጮኹም። በትራቸው ወደቀች። ቀስ ብለው ከአጥሩ ሥር ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን ከራሳቸው እስከ አገጫቸው ጎተቱት፣ ጉልበታቸውን አቀፉ። ሕፃን ልጅ ሲደበቅ አይታችሁ እንደሆነ፣ እንደዚያ። ሮጬ ሄጄ ጎንበስ ስል በነጠላው ውስጥ ሆነው "ልጄ፣ ላሞቹን አስገባችኋቸው?" አሉኝ።

የቱ ላም? ምንም ላም አልነበረም።

አስካሪ የሆነው ተማሪዬ ገባው። ታርቡሹን አወለቀና ከኋላው ደበቀው። "እማሆይ፣ እኔ እኮ የጎረቤትዎ ልጅ ነኝ" አላቸው። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ፊቱን አዩት። ከዚያ እጁን ያዙና ማልቀስ ጀመሩ። እሱም አለቀሰ። ትርኢቱ በሰዓቱ ተካሄደ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ። እኔ ግን ከዚያ ትርኢት የማስታውሰው ነገር የለም።

በማግሥቱ ቡናና ስኳር ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ልጃቸው ቡና አፈላች። እማሆይ አልተቆጡኝም። "አንተ ምን ታውቃለህ፣ ልጅ ነህ" አሉኝ። በ1930 ግድም፣ ጎጃም ሁሉ ሸፍቶ ጣሊያንን መግቢያ መውጫ ሲያሳጣው፣ እሳቸው ላም የሚጠብቁ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ጫካ ነበሩ። አስካሪዎቹ የመጡት በጠዋት ነው። መጀመሪያ ያዩት ቀይ ነገር ነው፣ ከማሽላው በላይ የሚንቀሳቀስ ቀይ ነገር። ታርቡሹ ነው። ላሞቹን ነዷቸው፣ ቤቱን አቃጠሉት። ሰባ ዓመት ከዚያ በላይ አልፎ እኔ ያንኑ ቀይ ነገር ከቤታቸው ደጅ አመጣሁት።

እንግዲህ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ይኸው ነው። የጠላትን ልብስ ሥሩት፣ አሳምሩት፣ መድረክ ላይ ይለበስ። ጣሊያን የሌለበት የአርበኞች ትርኢት ትርኢት አይደለም። ነገር ግን ልብሱ ከመድረክ አይውረድ። ልጆቹ ከመጋረጃ ጀርባ ይልበሱት፣ እዚያው ያውልቁት። መድረክ ላይ ያለ ታርቡሽ ተረት ነው፣ ተመልካቹ አውቆ የመጣበት ነው። መንገድ ላይ ያለ ታርቡሽ ግን ላልተዘጋጀ ሰው ታርቡሽ ነው። ትርኢቱ በአደባባይ ከሆነ ከሁለት ቀን በፊት በሠፈሩ ይነገር። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ያሉበትን ቤት ልጆቹ ራሳቸው ሄደው ይንገሩ። እኛ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምናደርገው። ሲነገራቸው ደግሞ "ልምጣ" የሚሉ አሉ። ታሪክ ይዘው ይመጣሉ።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በጀርመን የናዚን ምልክት በአደባባይ ማሳየት በወንጀል ያስቀጣል፣ ለትምህርትና ለኪነ ጥበብ ሲሆን ግን ሕጉ ይፈቅዳል። ይህን ሳነብ ከእማሆይ ደጅ ከተማርኩት ጋር ገጠመልኝ። ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው። ቦታውና ምክንያቱ ነው የሚለየው።

ወደ እማሆይ ልመለስ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ "ደግሞስ ያ ጎፈር ምንድነው?" አሉኝ። ትርኢቱን ባያዩም ልጆቹ ሲያልፉ አይተዋል። "አርበኞቹ ናቸው እማሆይ" አልኳቸው። "ጎፈርማ የሹም ነው" አሉኝ። "አባቴ ጎፈር ከየት ያመጣል?"

እውነታቸውን ነው። እኔ የታሪክ መምህሩ ማወቅ ነበረብኝ። ጎፈርና ለምድ የማዕረግ ልብስ ነው። መኳንንት ይለብሱታል፣ ጀብዱ የሠራ ይሸለመዋል። ዛሬ በየካቲት 23 ሰው ሁሉ ጎፈር ሲያጠልቅ ደስ ይላል፣ የክብር ቀን ነውና አልቃወምም። ዓድዋን በአደባባይ ማክበርና ጫካ ውስጥ የነበረውን ኑሮ በትርኢት ማሳየት ግን ለየቅል ናቸው። አንበሳ ለብሶ በእሾህ መሃል የሚሳብ አርበኛ የለም።

"ታዲያ አባትዎ ምን ይለብሱ ነበር?" ስላቸው ዝም አሉ። ከዚያ "የጣሊያን ኮት" አሉኝ።

አባታቸው ቁምጣና እጀ ጠባብ ለብሰው ነው የሸፈቱት። እጀ ጠባቡ በዓመቱ አለቀ። ከአንድ ውጊያ በኋላ ከወደቀ ጣሊያን ላይ ካኪ ኮት ገፈፉ። ኮቱ ጀርባው ላይ ጥይት የገባበት ቀዳዳ ነበረው። አንድ ሌሊት ቤት ሲመጡ እናታቸው በኩራዝ ብርሃን ጠቀሙት። አባታቸው የሞቱትም በዚያ ኮት ውስጥ ነው። "ጫማ አልነበረውም። ፀጉሩ ግን እስከዚህ ነበር" ብለው በእጃቸው ትከሻቸውን አሳዩኝ።

የዚያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ሁሉም ነገር ተገለባበጠብኝ። የጣሊያን ልብስ ክፉ ነው፣ ያርበኛ ልብስ ደግ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። አርበኛው ግን የጣሊያን ኮት ለብሶ ነው የሞተው።

በሚቀጥለው ዓመት ልብሱን በሙሉ ቀየርነው። ጎፈሩን መለስን። ለአርበኞቹ አረንጓዴ ቁምጣ፣ ያረጀ እጀ ጠባብ፣ ለሁለቱ ደበሎ፣ ለሦስቱ የካኪ ኮት። ዝናሩን ከአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ሠራን። ስንቃቸውን በጨርቅ ቋጠርን፣ እውነተኛ በሶ አስገባንበት። በባዶ እግር እንድንለማመድ አልኩ። ከትምህርት ቤቱ እስከ ወንዙ ወርዶ መመለስ ነው፣ ሩቅ አይደለም። ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ስድስቱ ጫማ አምጡ አሉ። ተቀምጠን ከእግራቸው እሾህ ስንነቅል አንዱ "ጋሼ፣ አምስት ዓመት በዚህ?" አለኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ አርበኞች አስተምሬያለሁ። አንድም ተማሪ እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። "ልብሱ ምን ያደርጋል፣ ታሪኩ ይበቃል" ለሚሉኝ መልሴ ያ ልጅ ነው። ልብሱ ይለበስ። በደንብ ይለበስ።

ተቃውሞ ግን መጣ። የበዓሉ አዘጋጆች ልምምዱን አይተው አልወደዱትም። "አርበኞቻችንን ለማኝ አስመሰልካቸው" አሉኝ። አንድ ትልቅ ሰው ከልባቸው አዝነው "ጀግና ተቀዳዶ ይታያል ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። ክርክሩ ሁለት ስብሰባ ፈጀ። እኔም ሙሉ በሙሉ አላሸነፍኩም። የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ጫካው ላይ ቁምጣና የተጣፈ ኮት፤ በመጨረሻው የድል ትዕይንት ላይ አለቃው ብቻ ጎፈርና ለምድ ያድርግ። ትክክል ነበሩ እላለሁ አሁን። ያ ጎፈር አሥራ አራት ሰው ራስ ላይ ሳለ ምንም አይናገርም ነበር። አንድ ሰው ራስ ላይ ሲሆን ሕዝቡ ቆሞ እልል አለ።

ስለ ፀሐይ ቆቡ ደግሞ ላጫውታችሁ። የድሉን ክፍል ስንሠራ ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ ገብተው፣ ከእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት ጦርና ከአርበኞች ጋር በጎጃም አድርገው፣ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ የገቡበትን አስገባን። ዊንጌት የሆነው ልጅ ያቺን የጋዜጣ ቆብ አድርጎ ሲወጣ ተመልካቹ "ጣሊያን! ጣሊያን!" ብሎ ጮኸበት። ልጁ ግራ ገባው። ዊንጌት እንዲህ ያለ ቆብ ያደርግ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያ ዘመቻ ፎቶዎች ላይ የፀሐይ ቆብ አድርገው ይታያሉ። እኛ ያጠፋነው ምልክቱን አለመቀየር ነው። አንድ ቆብ ለሁለት ሰው ስትጠቀሙ ግንባሩ ላይ ያለውን ክብ ንቀሉት። እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነው ትርኢት የሚያበላሸው።

ባንዳውን ማን ይጫወት የሚለው ከልብሱ ሁሉ ይከብዳል። በመጀመሪያው ዓመት ባንዳ የሆነው ልጅ ጎበዝ ተዋናይ ነበር። ከትርኢቱ በኋላ ዓመቱን ሙሉ "ባንዳው" እየተባለ ተጠራ። አንድ ቀን ቢሮዬ መጥቶ አያቱ አርበኛ እንደነበሩ በወረቀት አስመስክሮ አሳየኝ። አላስፈለገውም ነበር፣ ግን ልጅ ነው፣ አንገቱን ደፍቷል። ቤተሰቡ እውነት ባንዳ የነበረበት ልጅ ቢሆንስ ኖሮ? ከዚያ ወዲህ የባንዳውን ሚና ለተማሪ አልሰጥም። መምህራን ተራ በተራ እንጫወተዋለን። እኔ ሁለት ጊዜ ሆኛለሁ። በመጨረሻም ሁሉም ልብሱን አውልቆ በራሱ ልብስ ወጥቶ ሕዝቡን እጅ ይነሳል፣ ስሙ ይጠራል።

ስለ ሜዳይ። አንድ ተማሪ የአያቱን የአርበኝነት ሜዳይ አምጥቶ ደረቱ ላይ ለጠፈው። ኮቱ የውሸት፣ ጠመንጃው የውሸት፣ ሜዳዩ ግን እውነተኛ። እንዲያወልቀው ነገርኩት፣ ተቀየመኝ። ለትርኢት እውነተኛ ሜዳይ አይደረግም ባይ ነኝ። ሰውየው በደሙ ያገኘው ነው፣ ለተዋናይ አይሆንም። ለመታሰቢያ ግን ልጅና የልጅ ልጅ ቢያደርገው ያምራል። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ዘሮች የአባቶቻቸውን ሜዳይ በቀኝ ደረታቸው ያደርጉታል፤ የግራው ሜዳዩን ራሱ ላገኘው ሰው የተተወ ነው። ደስ የሚል ሥርዓት ነው። እኛ ያን ጊዜ በነጭ ጨርቅ ላይ አድርገን መግቢያው ላይ ጠረጴዛ ሰጠነው። ልጁ ከጎኑ ቆሞ የአያቱን ታሪክ ለእንግዳ ሁሉ ሲናገር ዋለ። ቂሙም ለቀቀው።

ጠመንጃ ላይ አልደራደርም። ጎጃም ውስጥ ምንሽር ወይም ውጅግራ ያለበት ቤት አይጠፋም፣ "እውነተኛውን እናምጣ" የሚል ሰውም አይጠፋም። አንድ ጊዜ አንድ አባት በደግነት አመጡልን። መቀርቀሪያውን ስንስበው ጥይት ወጣ። ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከባሕር ዛፍ የተጠረበ ብቻ። የዛሬውን የመከላከያ ልብስም እንዲሁ አንነካም። ሬንጀር ሱሪም ቢሆን ማንም ይስጣችሁ አትቀበሉ። ሲቪል ሰው ሊለብሰው አይፈቀድም፣ የሚያስከትለውም ብዙ ነው። አሁን ባለንበት ጊዜ ደግሞ የእንጨትም ቢሆን ጠመንጃ የያዘ ልጅ መንገድ ላይ አይውጣ። ከሩቅ የሚያይ ሰው እንጨትና ብረት አይለይም። እባካችሁ በአዳራሽ አድርጉት። በዓሉ ይቆያል፣ የልጅ ነፍስ ግን አንድ ናት።

ልብስ ሲለበስ እንዴት እንደሚያምር ማየት የፈለገ ጥር 23 እንጅባራ ይሂድ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ ፈረስ በዓድዋ የሠራውን ውለታ ያስባሉ። እኔ ሄጄ ያየሁት ፈረሱ ሲያጌጥ፣ ባለቤቱ ሲለብስ፣ ማንም ማንንም ሲመስል አይደለም። የራሱን ልብስ ነው የለበሰው። እኛ ተዋንያኖች ነን፣ የሌላ ሰው ልብስ ነው የምንለብሰው። ስለዚህ ባለቤቱን መጠየቅ ግዴታችን ነው። ባለቤቱ ከሞተ ልጁን፣ ልጁ ከሌለ የሚያስታውሰውን ሰው።

በሁለተኛው ዓመት እማሆይን ጠየቅናቸው። አስቀድመን ነገርናቸው፣ ታርቡሹንም ቤታቸው ድረስ ወስደን በእጃቸው አስያዝናቸው። አገላብጠው አዩትና "ጨርቅ ነው ለካ" አሉ። በዕለቱ መጡ። ከፊት ወንበር ተቀመጡ። አስካሪዎቹ ሲወጡ የልጃቸውን እጅ ጥብቅ አድርገው ያዙ እንጂ ፊታቸውን አልሸፈኑም።

ሲያልቅ የካኪ ኮት የለበሰውን ልጅ ጠሩት። በትከሻው ይዘው አዞሩት። ጀርባው ላይ የጠቀምናትን ቀዳዳ በጣታቸው ዳሰሷት። እኛ ኮቱ እንዳይበላሽ ብለን በጥቁር ክር አሳምረን ነበር የሰፋናት።

"ክሩ ነጭ ነበር" አሉ። "እናቴ ሌላ ክር አልነበራትም። ከነጠላዋ ጠርዝ መዝዛ ነው።"

ማታውኑ ጥቁሩን ተርትረን አወጣነው። የልጁ እናት ከነጠላዋ ጠርዝ ክር መዘዘችልን።